አሥራ ሦስት መኪና ወይስ አንድ ቅርጫት?

ከአቃቂ ቃሊቲ አንድ አባት ደብዳቤ ጽፈውልኛል። በእጅ የተጻፈ ሦስት ገጽ ነው፤ መስመሩ አይዛነፍም፤ የዱሮ ሰው ጽሕፈት መሆኑ ያስታውቃል። ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከሴት ልጃቸው፣ ከአማቻቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይኖራሉ። ስማቸው እንዳይወጣ ስለጠየቁኝ እኔም «አባባ» እያልኩ እቀጥላለሁ፤ የልጅ ልጆቻቸውም የሚጠሯቸው እንዲሁ ነውና።

የአባባ ጭንቀት ሁለት ነው፤ ሁለቱም የተያያዙ ናቸው። የ14 ዓመቱ የልጅ ልጃቸው ቁመቱ ከአባቱ በልጧል፤ ልቡም ቅርጫት ኳስ ላይ ጠፍቷል። አባቱ ደግሞ የስምንተኛ ክፍል ፈተና እየደረሰ ነው ብሎ ኳሷን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፎባታል። አንዱ ይህ ነው። ሌላው የግቢው ነገር ነው። በብሎኮቹ መካከል ባለው ባዶ ቦታ ላይ ወጣቶቹ ገንዘብ አዋጥተው፣ ብረት አስበይደው አንድ ቅርጫት አቁመዋል። አሁን ኮሚቴው ቦታው የመኪና ማቆሚያ ይሁን የሚል ሐሳብ አቅርቧል፤ ነዋሪው ተሰብስቦ ድምፅ ሊሰጥ ነው። አማቻቸው በቅርቡ መኪና ገዝቷል። እንግዲህ አባባ እጃቸውን ለየትኛው ያንሡ? ለልጁ ካነሡ አማቻቸውን በጎረቤት ፊት ማሳፈር ይሆንባቸዋል። ለአማቻቸው ካነሡ ደግሞ ልጁ ቆሞ ያያቸዋል።

የደብዳቤው ሦስተኛ ገጽ ላይ ግን ያልጠበቅሁት ጥያቄ መጣ። ልጁ ማታ ማታ አጠገባቸው እየተቀመጠ አሜሪካ ውስጥ ስማቸው በክብር አዳራሽ ስለተሰቀለ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ይተርክላቸዋል። እሳቸው ተረት የሚነግሩበት ሰዓት የእሱ ተረት መስሚያ ሆኗል። እናም አባባ የጠየቁኝ፣ የእነዚያ ሰዎች እናትና አባት ልጃቸው ኳስ ታቅፎ ሲመጣ ምን ብለው ነበር የሚል ነው። ስለ ነጥብና ስለ ዋንጫ ልጁ ስለሚነግራቸው እኔ ስለ ወላጆቹ እንድነግራቸው ፈለጉ። ልክ ናቸው። ስለ ዝነኛ ሰው ሲወራ ማን እንዳሳደገው አይጠየቅም።

አዳራሹ ያለው በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ስፕሪንግፊልድ በምትባል ከተማ ነው። ጨዋታው የተወለደውም እዚያው ነው። (ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የእኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።) በ1891 መገባደጃ ላይ በረዶው ሰውን ሁሉ ቤት ውስጥ ሲያስቀምጥ፣ ጄምስ ናይስሚዝ የሚባል የስፖርት መምህር መላ ያጡ 18 ጎረምሶች ተሰጡት። በአዳራሽ ውስጥ የሚጫወቱት፣ እግር የማይሰበርበት ጨዋታ ፈልግ ተባለ። ሁለት የኮክ ፍሬ ቅርጫት በሰገነቱ ግራና ቀኝ አሰቀለ፤ 13 ሕግ ጻፈ፤ ዘጠኝ ለዘጠኝ ከፈላቸው። በዚያ ቀን የተቆጠረችው ግብ አንዲት ብቻ ነበረች። ቅርጫቶቹ ታች ስላልተቀደዱ ኳሱ በገባ ቁጥር መሰላል ላይ ወጥቶ የሚያወርድ ሰው ያስፈልግ ነበር።

ይህ ሰው ማን አሳደገው? አባባ፣ መልሱ ለእርስዎ የተጻፈ ይመስላል። ናይስሚዝ በ1861 በካናዳ ተወለደ፤ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው አይቀርም ሲባል እናትና አባቱን ባንድ ሰሞን ታይፎይድ ነጠቀው። ያነሡት አያቱና አጎቱ ናቸው። ልጁ ትምህርቱን አቋርጦ እንጨት ቆራጮች ዘንድ ሲሠራ ቆየና ተመልሶ ጨረሰ፤ ዩኒቨርሲቲም ገባ፤ ከዚያም የሥነ መለኮት ትምህርቱን በ1890 አጠናቀቀ። ቤተሰቡ ቄስ ሲሆን ለማየት ይጠብቅ ነበር፤ እሱ ግን ወደ ስፖርት መምህርነት ሄደ። በዚያ ዘመን ለሃይማኖተኛ ቤተሰብ ይህ ቀላል ሐዘን አልነበረም። የፈጠረው ጨዋታ በ1936 በርሊን ኦሎምፒክ ሲገባ በዓይኑ ለማየት በቃ፤ በ1939 አረፈ። ስሙን የያዘው የክብር አዳራሽ የመጀመሪያዎቹን አባላት የመረጠው ከዚያ ሃያ ዓመት ቆይቶ በ1959 ነው።

እዚያ የሚገባ ተጫዋች መጫወት ካቆመ በኋላ ጥቂት ዓመታት መቆየት አለበት፤ ከዚያ ስሙ በመራጮች ፊት ይቀርባል። ከተመረጠ በሥርዓቱ ምሽት ቀድሞ የገባ አንድ ሰው አብሮት መድረክ ላይ ይወጣል። እንደ ሚዜ በሉት። ከዚያ ይናገራል። ማይክል ጆርዳን በ2009 ሲገባ፣ ጎረምሳ ሳለ በትምህርት ቤቱ ዋና ቡድን እሱን አስቀርቶ የተመረጠውን ልጅ በስም ጠርቶ አነሣው። ከ30 ዓመት በላይ የቆየ ቂም! አባባ፣ ይህንን ለልጁ ባይነግሩት እመርጣለሁ።

ሉሲያ ሃሪስ ደግሞ የሚሲሲፒ ገበሬ ልጅ ነበረች። በ1976 በሞንትሪያል የሴቶች ቅርጫት ኳስ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ሲገባ የመጀመሪያዋን ነጥብ ያስቆጠረችው እሷ ናት፤ በ1992 ወደ አዳራሹ ከገቡት የመጀመሪያዎቹ ሴት ተጫዋቾችም አንዷ ሆነች። በእርስዎ ግቢ ውስጥ ቅርጫቱ ሥር ሴት ልጆች ተራ ይደርሳቸው እንደሆነ አልጻፉልኝም። ቢጠይቁልኝ ደስ ይለኛል።

ወደ እኛ አህጉር ልምጣ። ሃኪም ኦላጁዋን በ1963 ሌጎስ ተወለደ። እናትና አባቱ ሲሚንቶ ነጋዴዎች ነበሩ። ልጁ እስከ ጉርምስናው አጋማሽ ድረስ ቅርጫት ኳስ አልነካም፤ እግር ኳስ ላይ በረኛ ነበር፤ እጅ ኳስም ይጫወታል። በኋላ ግዙፍ ሆኖ ሳለ እንደ ጭፈራ የሚሄደው እግሩ የተገኘው ከእነዚያ ሜዳዎች ነው። በ1984 ምርጫ ጆርዳን ሦስተኛ ሲጠራ እሱ አንደኛ ተጠራ። በ1994 እና በ1995 ቡድኑን ሂዩስተንን ለዋንጫ አበቃ፤ የተጋጣሚን ኳስ አየር ላይ በመመለስ 3,830 ጊዜ ተቆጥሮለታል፤ እስካሁን የሚስተካከለው የለም። በ2008 አዳራሹ ገባ። ለ14 ዓመት ልጅ ወላጅ ከዚህ ታሪክ የሚጠቅመው አንድ ነገር ይመስለኛል፤ መዘግየት የለም። ልጁ ዛሬ እግር ኳስ፣ ነገ መረብ ኳስ ቢል «አንድ ነገር ላይ አትረጋም» ብሎ መቆጣት አያስፈልግም።

በቁጥር ሁለተኛው ኮንጎዊው ዲኬምቤ ሙቶምቦ ነው፤ 3,289። እኔ ግን ስለ እሱ የምጽፈው ስለ ቁጥሩ አይደለም። ሙቶምቦ አሜሪካ የሄደው ኳስ ሊጫወት አልነበረም። በ1987 የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የገባው ሐኪም ሆኖ ወደ አገሩ ሊመለስ ነበር። ቁመቱን ያዩ ሰዎች ወደ ሜዳ ጠሩት፤ ሕክምናው ቀረ። ትምህርቱ ግን አልቀረም፤ በቋንቋ ሳይንስና በዲፕሎማሲ ተመረቀ። እንግዲህ ቤት ውስጥ ምን እንደተባለ መገመት አያስቸግርም። ልጅህ ዶክተር ሊሆን ሄዶ ኳስ ተጫዋች ሆነ ሲባል፣ ኪንሻሳም ሆነ ቃሊቲ የሰው ፊት አንድ ነው።

በ1997 እናቱ ቤቷ ውስጥ ታመመች። ከተማው በጦርነትና በሰዓት እላፊ ታፍኖ ስለነበር ሐኪም ቤት ሊያደርሷት አልቻሉም፤ አረፈች። ልጁ ባሕር ማዶ ስሙ የገነነ፣ ገንዘብም ያለው ሰው ነው፤ ነገር ግን በዚያች ሌሊት ገንዘቡ ምንም አላደረገላትም። ከአሥር ዓመት በኋላ በ2007 በኪንሻሳ በእናቱ ስም፣ ቢያምባ ማሪ ሙቶምቦ የተባለ ሆስፒታል ተከፈተ። ከወጪው 15 ሚሊዮን ዶላሩን የከፈለው ከራሱ ኪስ ነው፤ ግማሹ ያህል ማለት ነው። በ2015 ስፕሪንግፊልድ ሲገባ ስሙ የተጠራው በኳሱ ነበር፤ ኪንሻሳ ውስጥ ግን ስሙን የሚያነሡት ነፍሰ ጡሮችና ሕፃን ያቀፉ እናቶች ናቸው። በመስከረም 2024 በ58 ዓመቱ በአንጎል ካንሰር አረፈ። ሐኪም ሊሆን ሄዶ አልሆነም ስንል እንግዲህ እንዴት ነው የምንቆጥረው?

ልጁ ሊነግራቸው የማይችለውን አንድ ሰው ደግሞ ልጨምር፤ እስካሁን በየትኛውም አዳራሽ ስሙ ስላልተሰቀለ። ኑኒ ኦሞት ይባላል። ኦሞት የሚለውን የሰማ ጋምቤላን የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይለየዋል፤ የአኝዋ ስም ነው። ወላጆቹ ከኢትዮጵያ ተሰደው ኬንያ ገቡ፤ እሱ በ1994 ናይሮቢ ተወለደ። ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ሚኒሶታ ሄደ። በጉርምስናው ማንም ትልቅ ኮሌጅ አልፈለገውም። ትንሽ ኮሌጅ ገባ፤ ከዚያ ሌላ ትንሽ ኮሌጅ፤ በስተመጨረሻ ቤይለር የተባለው ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ ተቀበለው። ወደ ኤንቢኤ አልዘለቀም። በየአገሩ እየዞረ ተጫወተ። በ2023 ከግብፁ አል አህሊ ጋር ኪጋሊ ላይ የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግን ዋንጫ አነሣ፤ የሊጉ ኮከብ ተብሎም የተመረጠው እሱ ነው።

አኝዋዎች በጋምቤላም በደቡብ ሱዳንም የሚኖሩ ሕዝብ ናቸው፤ ኑኒም ለደቡብ ሱዳን ተሰለፈ። ያቺ አገር ነፃ የወጣችው በ2011 ነው፤ ፌዴሬሽኑን የሚመራው የቀድሞው የኤንቢኤ ተጫዋች ሉዎል ዴንግ ጣራ ያለው አንድ የቅርጫት ኳስ ሜዳ እንኳ የለንም እያለ ነበር ቡድኑን የሚያሰባስበው። በሐምሌ 2024 ለንደን ላይ በወዳጅነት ጨዋታ አሜሪካን ሊያሸንፉ ምንም አልቀራቸውም፤ 101 ለ100 ተሸነፉ፤ ሌብሮን ጄምስ በመጨረሻዎቹ ሰኮንዶች ነበር ያዳናት። በፓሪሱ ኦሎምፒክ የመጀመሪያ ጨዋታቸው ላይ በስሕተት የሱዳን መዝሙር ተከፈተባቸው። ቆመው ጠበቁ፤ የራሳቸው እስኪመጣ። ከዚያ ፖርቶሪኮን 90 ለ79 አሸነፉ። በቀጣዩ ጨዋታ አሜሪካ 103 ለ86 ስትረታቸው ኑኒ ኦሞት ብቻውን 24 ነጥብ አስቆጥሯል። ከጋምቤላ በእግር የወጣ ቤተሰብ ልጅ ነው። እኛ ቤት ግን ስሙን የሚያውቅ ስንት ነው?

በዚያው ቡድን ውስጥ ኻማን ማሉዋች የሚባል የ17 ዓመት ልጅ ነበር። ሩምቤክ ተወልዶ ዑጋንዳ ውስጥ በስደት ያደገ ነው፤ ቅርጫት ኳስ የጀመረው 13 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው፤ ከዚያ ሴኔጋል ውስጥ ባለው የኤንቢኤ አካዳሚ ተማረ። በ2025 በኤንቢኤ ምርጫ አሥረኛ ሆኖ ተጠራ።

እዚህ ላይ አባትዬውን፣ ማለትም የአባባን አማች ልከላከልለት እፈልጋለሁ። ደብዳቤው ውስጥ ኳስ የቆለፈ ክፉ ሰው መስሎ ይታያል፤ አይደለም። ይህ አባት ዜና ይሰማል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል የየቤቱ አባት ሁሉ ደሙ ቀዝቅዟል። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ፤ ተሻሻለ ተባለ። በዚያ ዓመት ከመቶ ልጅ አምስቱ ብቻ ባለፉበት አገር አንድ አባት ኳስ ቢቆልፍ የሚያስገርም አይደለም። በዚያ ላይ ደግሞ የኤንቢኤ 30 ቡድኖች እያንዳንዳቸው 15 ተጫዋች ቢይዙ 450 ሰው ነው፤ ከዓለም ሁሉ። የክብር አዳራሽ ግድግዳ ላይ የምናየው ያለፉትን ነው። ልጁ «እኔም እንደ ማሉዋች» ሲል አባቱ ያልተጠሩትን ነው የሚቆጥረው። ሁለቱም እውነት ይዘዋል።

ስለዚህ ልጁ ኳስ ይጫወት የምለው ዶላር ያመጣል ብዬ አይደለም። በዚያ ስሌት ከገባን አባትዬው ይረታናል። ልጁ ይጫወት የምለው 14 ዓመቱ ስለሆነ ነው። ይህ ዕድሜ አጥንት የሚረዝምበት፣ ጉልበት የሚንተከተክበት፣ ከአባት ጋር መነጋገር የሚከብድበት ነው። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ውሎ ማታም መጽሐፍ ላይ ተደፍቶ ስልክ የሚነካካ ልጅ አጥንቷል ማለት አይደለም። ቁም ሳጥኑ ኳሷን ቆለፈ እንጂ ሐሳቡን አልቆለፈም። እኔ ብሆን ኳሷን አውጥቼ ሰዓቷን እቆልፍ ነበር፤ ከትምህርት ቤት መልስ ከአሥር ሰዓት እስከ አሥራ አንዱ ተኩል ጨዋታ፣ ከዚያ መታጠብ፣ እራት፣ ጥናት። ፈተናው ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀር ልጁ ራሱ ኳሷን አምጥቶ ለአባቱ ያስረክብ። ይህን ውል አማችዎ ብቻውን ቢያወጣው ልጁ ትእዛዝ ነው ይለዋል፤ አባባ መካከል ገብተው ቢያዋውሏቸው ግን የሽማግሌ ውል ይሆናል። ሽምግልና እኮ ለባልና ሚስት ብቻ አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ይህን አያት ሁሉ ቢሰማልኝ። ረዥም ልጅ ያለበት ቤት «ወኪል ነኝ፣ ልጁን ውጭ አገር አስገባዋለሁ፣ ለፓስፖርትና ለማመልከቻ ይህን ያህል ክፈሉ» የሚል ሰው አይጠፋም። ተጫዋች ፈልጎ የሚወስድ እውነተኛ ትምህርት ቤት ወይም አካዳሚ በካፌ ውስጥ በእጅ ገንዘብ አይቀበልም። ልጁን ሲጫወት ሳያይ «ይሆናል» የሚል ሰው የሚያየው የእናንተን ኪስ ነው። ደብዳቤ ቢያሳይ የጻፈው ተቋም ዘንድ ራሳችሁ ደውሉ፤ በእሱ በኩል አይሁን።

አሁን ወደ ግቢው። ኮሚቴው መኪና ማቆሚያ ያለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ መንገድ ዳር ያደረ መኪና ጎማው ይፈታል፣ መስታወቱ ይነቀላል። ቢሆንም ሒሳቡን አብረን እናስላ። ሙሉ ሜዳ 28 ሜትር በ15 ሜትር ስለሆነ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አይታሰብም። ዛሬ ግን ኦሎምፒክ ድረስ የገባ ሦስት ለሦስት የሚባል አጨዋወት አለ፤ በአንድ ቅርጫት ብቻ ይጫወቱታል፤ አሥር ደቂቃ ወይም ቀድሞ 21 ነጥብ የደረሰ ያሸንፋል። ሜዳው 15 በ11 ሜትር ነው፤ 165 ካሬ ሜትር። አንድ መኪና ለማቆም 12 ካሬ ተኩል ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ በዚያ ቦታ ላይ የሚቆሙት አሥራ ሦስት መኪና ናቸው፤ መግቢያና መውጫውን ካሰባችሁ ከዚያም ያንሳሉ። ብሎኮቹ ውስጥ ስንት አባወራ አለ? ስንት ልጅ አለ? አባባ በስብሰባው ላይ ይህን ብቻ ቢጠይቁ፣ ለማንም ሳይወግኑ፣ ሰው ራሱ ይቆጥራል። አማችዎም አሥራ አራተኛ ሆኖ እንዳይቀር ያስብበታል።

ቦታው ለሁለቱም ይሁን የሚል ሐሳብ ቢነሣም መጥፎ አይደለም። መኪናው ጠዋት ወጥቶ ማታ ነው የሚገባው፤ ልጆቹ የሚፈልጉት ከአሥር ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ቅዳሜና እሑድ ግን ነገሩ ይጋጫል፤ እንዲህ ያለ ስምምነት የሚፈርሰውም በእሑድ ነው። እኔ በበኩሌ ሜዳ ሜዳ ሆኖ ቢቀር እመርጣለሁ። አቃቂ ቃሊቲ ሌላ ሰፈር አይደለም። ከቃሊቲ መናኸሪያ ጀምሮ ፈጣኑ መንገድ እስከሚነሣበት እስከ ቱሉ ዲምቱ ድረስ የጭነት መኪና ቀንም ሌሊትም አይቋረጥም። ልጆች ከግቢ ሜዳ ሲያጡ ኳሱን ይዘው የሚወጡት ወዴት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ኳስ መንገድ ላይ ስትንከባለል ልጅ ከኋላዋ እንደሚሮጥ የከባድ መኪና ሾፌር ሁሉ ያውቃል፤ ማወቁ ግን ፍሬኑን አያሳጥረውም።

ሜዳው ከጸና ደግሞ በደንብ ይሠራ። የዚያ አካባቢ አፈር መረሬ ነው፤ በጋ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ያብጣል። በላዩ ላይ ዝም ብሎ ሲሚንቶ ቢፈስበት በሁለት ክረምት ይተረተራል። ጥቁሩ አፈር ተነሥቶ ገረጋንቲ ተሞልቶ፣ ተጠቅጥቆ፣ ውኃው ወደ አንድ ወገን እንዲወርድ ትንሽ ዘንበል ብሎ መሠራት አለበት። ቅርጫቱ ከመሬት 3.05 ሜትር ነው፤ ለታናናሾቹ 2.60 ይበቃል። የብረቱ ምሰሶ መሠረቱ በኮንክሪት ይታሰር፤ ጎረምሳ የገባች ኳስ ባየ ቁጥር ቀለበቱ ላይ መንጠልጠል ይወዳል፤ ልል የቆመ ምሰሶ ደግሞ ሰው ላይ ይወድቃል። ምሰሶውን በአሮጌ ስፖንጅ መጠቅለልም አይርሱ። ኳስ ስትገዙ ቁጥሯን እዩ፤ ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ 5፣ ለሴቶች 6፣ ለወንድ ጎረምሳ 7። ትንሽ ልጅ በትልቅ ኳስ ሲለማመድ ከደረቱ መወርወር ትቶ ከወገቡ ይገፋል፤ ያ ልማድ በኋላ አይለቅም።

አንድ ነገር ሳልጠይቅ አላልፍም። በደብዳቤው መጨረሻ፣ ከሰላምታው በፊት፣ አባባ በግማሽ መስመር እንዲህ ያለ ነገር ጣል አድርገዋል። እሳቸውም በወጣትነታቸው አራት ኪሎ ወወክማ እየሄዱ ቅርጫት ኳስ ይጫወቱ እንደነበር። ሦስት ገጽ ስለ ልጁ፣ ግማሽ መስመር ስለ ራሳቸው! ወወክማ፣ የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር፣ ናይስሚዝ ቅርጫቱን የሰቀለበት ትምህርት ቤት ባለቤት የሆነው ያው የዓለም ማኅበር የአዲስ አበባ ቅርንጫፍ ነው። ጨዋታው አገራችን ከገባባቸው በሮች አንዱ እሱ ነበር፤ ከአብዮቱ በኋላ ማኅበሩ ቢዘጋም ስሙ አራት ኪሎ ላይ ቀርቷል። ራስ ኃይሉ ሜዳም የዚያ ዘመን ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ነው። የሰላም ጓድ መምህራን ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ በየትምህርት ቤቱ ሲሰማሩ ኳስ ይዘው የመጡም ነበሩባቸው። ልጁ ስፕሪንግፊልድን በቃሉ ያወራል። አጠገቡ የተቀመጠው ሽማግሌ በዚያው ሐረግ ላይ ያለ ሰው መሆኑን ግን የነገረው ያለ አይመስለኝም።

ሯጮቻችንን እናከብራለን፤ አበበ ቢቂላ በስሙ ስታዲየም አለው። በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ያነሡትን፣ አምበሉን ሉቺያኖ ቫሳሎን፣ መንግሥቱ ወርቁን፣ አሠልጣኙን ይድነቃቸው ተሰማን የኳስ ወዳጅ ሁሉ ይጠራቸዋል። የቅርጫት ኳሶቹ ስም ግን ያለው በየቤቱ አልበም ውስጥ ነው፤ አልበሙም ያለው ቁም ሳጥን ላይ ነው፤ አንዳንዱም ለኮንዶሚኒየም ዕቃ ሲጓዝ ጠፍቷል። ለዚህ ሚሊዮን የሚያወጣ አዳራሽ አያስፈልግም። የወረዳ ወጣት ማዕከል አንድ ግድግዳ ይበቃል። በየፋብሪካው፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየሰፈሩ የተጫወቱ ወንዶችና ሴቶች ስም፣ ከነቡድናቸውና ከነዓመቱ። ስፕሪንግፊልድም ሲጀመር ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ሰዎች ተሰብስበው የስም ዝርዝር አወጡ። ሕንፃው የተከፈተው በ1968 ነው፤ ዝርዝሩ ከሕንፃው በዘጠኝ ዓመት ይቀድማል።

እንግዲህ በአቃቂ፣ በቃሊቲ፣ በገላንና በቱሉ ዲምቱ ያላችሁ አያቶችና ወላጆች፣ ቅርጫት ኳስ የተጫወታችሁ ወይም የተጫወተ የምታውቁ፣ ዝርዝሩን ከእናንተ እንጀምር። ስም፣ ቡድን፣ የተጫወቱበት ቦታና ዓመተ ምሕረት ጻፉልን፤ የባለቤቱን ወይም የቤተሰቡን ፈቃድ ጠይቃችሁ። ቦታ በፈቀደ መጠን እናወጣዋለን። ፎቶግራፍ ከኖራችሁ ዋናውን አትላኩ፤ ኮፒ ይበቃል። በዋናው ጀርባ ላይ የእነማን እንደሆነ ከግራ ወደ ቀኝ ዛሬውኑ ጻፉበት፤ በእርሳስ ይሁን፤ እስክሪብቶ ከጊዜ በኋላ በፊት ለፊቱ በኩል ዘልቆ ይታያል።